ቃለ ጉባኤ ያልያዘው ተግሣጽ፦ የጌዴኦ አብያተ ክርስቲያናትና ወንድምን የማቅናት ታሪክ

ብዙዎቻችሁ የሥነ መለኮት ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወደ አጥቢያ ስትመለሱ ከሽማግሌዎች እጅ ከምትረከቧቸው ነገሮች አንዱ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው። በዲላና በዙሪያዋ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በቡሌ፣ በኮቸሬ ወይም በገደብ ብታገለግሉ መዝገቡ ምን ዓይነት ቋንቋ እንደሚናገር ከሌሎች የደቡብ አጥቢያዎች ልምድ ታውቁታላችሁ። እገሌ በመጠጥ ምክንያት ከጌታ ራት ታገደ፤ እገሊት ንስሐ ገብታ ወደ ኅብረት ተመለሰች፤ የእገሌና የእገሌ የድንበር ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ። ቀን፣ ፊርማ፣ አንዳንድ ጊዜም የጣት አሻራ።

ታሪክ ለሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ ሀብት ነው። ሆኖም የሚያሳየን ግማሹን እንኳ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ 18፥15 ያዘዘው የመጀመሪያው እርምጃ፣ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የሚነጋገሩበት፣ ጸሐፊ የለውም። ከተሳካ በዚያው ያልቃል፤ ማንም አይሰማውም። ወደ ሽማግሌዎች የሚደርሰው ያልተሳካው፣ ወይም ከነጭራሹ ያልተሞከረው ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ብቻ የቆመ የተግሣጽ ታሪክ ሳያስበው የቅጣት ታሪክ ይሆናል። ወጣቱ አገልጋይም መዝገቡን እያገላበጠ «ተግሣጽ ማለት ለካ ይህ ነው» ብሎ ይማራል። እኔ በጌዴኦ ምሳሌነት ላሳያችሁ የምፈልገው ወረቀት ያልያዘው የተግሣጽ ክፍል ለቤተ ክርስቲያን ሕይወት ይበልጥ አስፈላጊ እንደ ነበረና አሁንም እንደ ሆነ ነው።

ከወንጌል በፊት የነበረው ጉባኤ

ጌዴኦ እርማትን ከሚሲዮናውያን የተማረ ሕዝብ አይደለም። (ቀደም ባሉ ጽሑፎች የምትፈልጉ ከሆነ ስሙን «ደራሳ» በሚለው ፈልጉት። የመንግሥት ሰነዶችም ሆኑ የሚሲዮን ደብዳቤዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ይህን ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ ቦታውን ያገኘው ዘግይቶ ነው።) በአባ ገዳ የሚመራ ሥርዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሶንጎ ነበረው፤ አሁንም አለው። ሶንጎ ቦታም ነው፣ ጉባኤም ነው። በመንደሩ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በምርቃት ይከፈታል፤ የተጣላ ይቀርባል፤ በዳይ ይሰማል፣ ተበዳይ ይሰማል፣ የሰማ ሰው ይመሰክራል። ፍርዱ የሚፈለገው አንዱን ለማሸነፍ ሳይሆን ሁለቱን አስታርቆ ወደ መንደሩ ለመመለስ ነው። ውሳኔውን አሻፈረኝ ያለ ሰው ግን ይገለላል፤ መገለል ደግሞ በጌዴኦ ምድር ቀላል ነገር አይደለም።

ለምን ቀላል እንዳልሆነ ለመረዳት መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። የጌዴኦ ገጠር በአገራችን እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ሰው ከሰፈረባቸው የእርሻ አካባቢዎች አንዱ ነው። ዳገቱ ሁሉ እንሰት፣ ቡናና ጥላ ዛፍ ተደራርበው የበቀሉበት፣ ቤቱ በዚያው መካከል የተሠራበት ነው፤ ዩኔስኮ ይህንን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሰውና ዛፍ ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩበትን ጥበብ ነው ያከበረው። በእንዲህ ያለ ቦታ የአንዱ እንሰት የሌላው አጥር ነው። ወደ ገበያ የሚወስደው ቀጭን መንገድ በጎረቤት ጓሮ ያልፋል። የተቀያየመኸው ሰው በየማለዳው ፊት ለፊትህ ይመጣል። ሶንጎ ይህን ሁሉ ያውቃል። መቻቻል ካልተቻለ መኖር እንደማይቻል ከሚያውቅ ሕዝብ የተገኘ ሥርዓት ነው።

ታዲያ ወንጌላውያን አማኞች የራሳቸውን ሽማግሌዎች መርጠው ጉባኤ ሲያቆሙ ከየት ጀመሩ ትላላችሁ? ሰው ከሚያውቀው ይጀምራል። የአጥቢያ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የሁለቱን ወገን ቃል ሲሰሙ፣ በጸሎት ሲከፍቱ፣ በመጨረሻ ተበዳይና በዳይን አስተቃቅፈው ሲመርቁ የሚያይ ሰው ሶንጎን በውስጡ ሳያይ አይቀርም። ይህን ነቀፌታ አድርጌ አላቀርበውም። እኔ እንደማምነው ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሶንጎ የወረሰችው ትዕግሥትና የእርቅ ፍላጎት ከብዙ የውጭ አገር የሥነ ሥርዓት መመሪያ ይሻላል። ነገር ግን ሶንጎ ሲጀምር ሰው ተሰብስቧል። ጌታ ያዘዘው እርማት ሲጀምር ግን ማንም አልተሰበሰበም።

ወንጌል ወደ ዲላ

የታሪኩን መነሻ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የመጀመሪያ ቡድን በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1927 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት በወላይታ፣ በከምባታና ሐዲያ እንዲሁም በሲዳሞ ሥራ ተጀመረ። የኢጣሊያ ወረራ ሚሲዮናውያኑን አስወጣ። በወላይታ ጥቂት የነበሩት አማኞች በስደቱ ውስጥ በሺህ ተቆጥረው የተገኙበት ታሪክ በሰፊው ተጽፏል። ወደ ዲላ ግን አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን የመጡት ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 መጨረሻ ነበር። በዚያው ዘመን የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮንም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥራውን ጀመረ። በኋላ ከወላይታ የመጡ ወንጌላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው በጌዴኦ ተራሮች ላይ ኖሩ፤ ዛሬ በዞኑ ያሉት የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች የእነርሱ ድካም አለባቸው።

የዋራሳ ዋንጌ ታሪክም አለ። ማጌኖ ብሎ የሚጠራውን ሁሉን ቻይ አምላክ ራሱን እንዲገልጥለት የለመነው፣ ሁለት እንግዶች በዲላ አቅራቢያ በትልቅ ዛፍ ሥር ድንኳን ሲተክሉ በራእይ አየ የተባለው ሰው ታሪክ ነው። ዶን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ከጻፈው ወዲህ በዓለም ዙሪያ ባሉ የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ይተረካል። መልካም ታሪክ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስለ ጌዴኦ ቤተ ክርስቲያን በውጭ የሚነገረው ሁሉ ስለ መጀመሪያዋ ቀን ነው። ያመኑት ሰዎች በማግስቱ፣ በዓመቱ፣ በሃያ ዓመቱ እንዴት አብረው ኖሩ? ማን ማንን አቀና? ይህን የጠየቀ ጥቂት ነው።

የምናውቀውን ያህል እንያዝ። በደቡብ የተመሠረቱት አጥቢያዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሳቸውን ሽማግሌዎች መርጠዋል፤ የሚጠመቅ ሰው ከመጠመቁ በፊት ተፈትኗል፤ ለመናፍስት የሚቀርበውን መሥዋዕት፣ ጠላና አረቄን፣ ትንባሆን፣ ብዙ ሚስት ማግባትን መተው የአማኙ መታወቂያ ሆኗል። ይህ አጥር ለአዲሱ ሕዝብ ያስፈልገው ነበር። ጎረቤት ማን «ጴንጤ» እንደ ሆነ የሚለየው በስብከቱ ሳይሆን በሰርግና በለቅሶ ቤት በያዘው ብርጭቆ ነው። ችግሩ አጥር የሚታይ ነገር መሆኑ ነው። የሰከረ ሰው ይታያል፤ ሁለተኛ ሚስት ያመጣ ሰው ይታያል። ስስት፣ ሐሜት፣ ሚዛን መስረቅ፣ ወንድምን በልብ መጥላት ግን አይታይም። ስለዚህ ተግሣጹ ወደሚታየው ኃጢአት አዘነበለ። የሚታይ ኃጢአት ደግሞ የሕዝብ ስለሆነ ወዲያው ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳል። የመጀመሪያው እርምጃ ሳይጠራ ተዘለለ።

«አንተና እርሱ ብቻችሁ»

እስቲ ጽሑፉን አብረን እንመልከተው። በማቴዎስ 18 ስለ ተግሣጽ የተነገረው ከሁለት ምሳሌዎች መካከል ነው። ከፊቱ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን አንዲት በግ የሚፈልገው እረኛ አለ (18፥12–14)፤ ከኋላው ዕዳው የተተወለት፣ እርሱ ግን ባልንጀራውን አንቆ የያዘው ባሪያ (18፥23–35)። ከ15 እስከ 17 ያሉትን ቁጥሮች ከሁለቱ ነጥሎ የሚያነብ ሰው የፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት ያገኛል። ከሁለቱ ጋር የሚያነብ ግን የእረኛውን መንገድ ያገኛል፤ እረኛው መንጋውን ሁሉ ሰብስቦ ይዞ አይደለም በጓን ፍለጋ የሄደው።

በ1954ቱ ትርጉም ያለው «ውቀሰው» የሚለው ቃል በግሪኩ ኤሌንኮ ነው፤ ነገሩን ገልጦ ማሳየት፣ ማስረዳት ማለት ነው። መሳደብ ወይም መቅጣት አይደለም። ውጤቱም «ገንዘብ ማድረግ» ነው፤ ወንድምህን አተረፍኸው ማለት ነው። እዚህ ላይ ለትርጓሜ ክፍል ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ የሲናውና የቫቲካን ጥንታዊ ቅጂዎች በቁጥር 15 «ቢበድልህ» ውስጥ ያለውን «አንተን» የሚለውን ቃል አልያዙም። የእነርሱን ንባብ ከተከተልን ሄዶ ማስረዳት የተበዳዩ ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ወንድሙ ሲወድቅ ያየ ሁሉ ድርሻ ነው። ዘሌዋውያን 19፥17ም ወደዚሁ ያዘነብላል፤ ባልንጀራን አለመገሠጽን ከልብ ጥላቻ ጎን ያስቀምጠዋል። ዝምታ ቸርነት ይመስለናል። ሙሴ እንደዚያ አላሰበም።

በገላትያ 6፥1 ደግሞ ጳውሎስ «አቅኑት» ያለው ካታርቲዞ የሚለውን ቃል ነው። ያዕቆብና ዮሐንስ በታንኳ ውስጥ መረባቸውን ሲያበጁ ማርቆስ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው (1፥19)። መረብ የሚጠግን ሰው ቀዳዳውን ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ግን መረቡን አይጥለውም፤ ጎትቶም ቀዳዳውን አያሰፋም። ጣቶቹ ቀስ ይላሉ። የውሃት መንፈስ የሚለው የጳውሎስ አነጋገር የአቅኚውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሥራውን ስልት ይገልጻል፤ ራስህን ጠብቅ የሚለው ማስጠንቀቂያም ወዲያው ይከተላል።

ምሳሌ እናድርግ። በመኸር ወቅት እሸት ቡና የሚሰበስብ አንድ አማኝ አለ እንበል፤ ሚዛኑ ትክክል አይደለም እየተባለ ይወራል። አንተ የአጥቢያው ሽማግሌ ነህ፤ ቡናህንም የምትሸጠው ለእርሱ ነው። ሦስት መንገድ አለህ። በስብሰባ ላይ ታነሣዋለህ፤ በዚያው ቀን ወሬው ገበያ ይደርሳል፤ ሰውየው ሚዛኑን ከማስተካከል ይልቅ ስሙን ለማስተካከል ይዋጋል፤ ዘመዶቹም ከእርሱ ጋር ይቆማሉ። ወይም በእሑድ ስብከት ውስጥ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ከምሳሌ መጽሐፍ ትሰብካለህ፤ ሁሉም ወደ እርሱ ዘወር ይላል፤ አንተ ስም አልጠራህም። (ይህኛውን መንገድ በጣም እንወደዋለን። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ነው፤ ተገሣጩ መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውምና።) ወይም ደግሞ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ፤ ከጎኑ እየሄድክ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለህ፤ ከዚያ በቀጥታ «ወንድሜ፣ ስለ ሚዛንህ የሰማሁትን ለአንተ ሳልነግር ለሌላ መንገር አልፈለግሁም» ትለዋለህ። ምናልባት ሚዛኑ ልክ ነው፤ ወሬው ሐሰት ነው፤ ያኔ ስሙን አተረፍህለት። ምናልባትም ዝም ይላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኑ ተለውጦ ታየዋለህ፤ ቃለ ጉባኤው ግን ስለዚህ ነገር አንዲት መስመር አይኖረውም።

የሐዋርያት ሥራ 18፥26 አጵሎስን ያስታውሰናል። በምኵራብ በግልጥ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ጵርስቅላና አቂላ ጉድለቱን ሲሰሙ በምኵራቡ ተነሥተው አላቋረጡትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው ገለጡለት። በአንጾኪያ ግን ጳውሎስ ጴጥሮስን የገሠጸው በሁሉ ፊት ነው (ገላ. 2፥14)፤ ስሕተቱ የሁሉ ፊት ስሕተት ነበርና፣ አሕዛብም ከማዕድ ተገፍተው ነበርና። ስለዚህ ብቻውን መሄድ የሁሉም ጉዳይ ሕግ ነው አልልም። በሕፃን ላይ ወይም በሴት ላይ ግፍ ተፈጽሞ ሳለ ተበዳይዋን «ብቻሽን ሄደሽ አናግሪው» ማለት የማቴዎስ 18ን ስም ይዞ በዳይን መደበቅ ነው። እዚያ ምስክርና ሕግ ያስፈልጋል።

ወንጌላውያን ወደ ኋላ ብንመለከት የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል በአባቶቻችን ዘንድም ያከራከረ ነው። የስዊስ አናባፕቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1527 በሽላይትሃይም በተስማሙባቸው አንቀጾች ከኅብረት መለየት የሚመጣው ሁለት ጊዜ በስውር ከተመከረ በኋላ እንደ ሆነ ጽፈዋል፤ የእነርሱ መንፈሳዊ ወራሾች በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አማኞች ናቸው። በጄኔቫ በካልቪን ዘመን የተቋቋመው የሽማግሌዎች ጉባኤ በየሐሙሱ ይሰበሰብ ነበር፤ በጨካኝነት ስሙ ቢነሣም ከሥራው ብዙው የተጣሉ ባልና ሚስትን፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን ከጌታ ራት በፊት ማስታረቅ ነበር። ይህን ያወቅነው ጉባኤው ጸሐፊ ስለነበረው ነው። ሽላይትሃይም ያዘዘው የስውር ምክር ግን መዝገብ የለውም።

ጭሰኛው ባለ መሬቱን ይገሥጻል?

በጌዴኦ ታሪክ ብቻውን ሄዶ የመናገርን ነገር ከባድ የሚያደርግ አንድ እውነታ አለ፤ እርሱም ኃይል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ምድሪቱ በምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ ገበሬው ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። በቡናው ምክንያት መሬቱ ዋጋ ባወጣ ቁጥር ሸክሙ ከበደ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚጭሌ በባለ መሬቶች ላይ ተነሥተው ደም ፈሰሰ። ጭሰኝነት በአዋጅ የቀረው በ1967 ዓ.ም. ነው። ማለትም የጌዴኦ አብያተ ክርስቲያናት የመጀመሪያዎቹን ሃያ ስድስት ዓመታት የኖሩት ሰው በሰው ላይ ባለ መሬት በነበረበት ሥርዓት ውስጥ ነው።

«ወንድምህ» የሚለው ቃል እኩልነትን ያስባል። እኩል ያልሆኑ ሰዎች መካከል ግን ታናሹ «ብቻህን ሂድ» ሲባል ወደ አንበሳ ዋሻ ሂድ እንደ ማለት ይሆንበታል፤ ታላቁ ሲሄድ ደግሞ ምክሩ ትእዛዝ ይመስላል። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አልዘነጋውም። ናታን ወደ ዳዊት ብቻውን ሄደ፤ ነገር ግን የድኻውን ሰው በግ ምሳሌ ይዞ ነው የሄደው (2 ሳሙ. 12)፤ ንጉሡ ራሱ ፈራጅ ሆኖ በራሱ ላይ እስኪፈርድ ድረስ። ጳውሎስም በ1 ጢሞቴዎስ 5፥19–20 ሽማግሌ ሲከሰስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል፤ የሚጸና በደል ግን በሁሉ ፊት ይገሠጻል። ዛሬ ባለ መሬት የለም። መጋቢ፣ የአጥቢያው ትልቅ ለጋሽ፣ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባወራ ግን አለ። ወደ እነርሱ ማን ይሄዳል? የደሃው ሰው የመጠጥ ጉዳይ በመዝገብ ሰፍሮ የባለ ጠጋው ስስት የማይገኝ ከሆነ፣ ባለ ጠጋው በየዋህነት ብቻውን ተመክሮ ስለ ተመለሰ ነው ብለን ለመገመት አንቸኩል። ሁለቱም ዝምታ በወረቀት ላይ አንድ ይመስላል።

በተዘጉት ዓመታት

በደርግ ዘመን በደቡብ ኢትዮጵያ በርካታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አማኞች በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ። በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ። በዚያ ሁኔታ የአጥቢያ ጉባኤ ተጠርቶ ሰው በሕዝብ ፊት ሊታገድ አይችልም፤ መዝገብ መያዝም ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ እርማት ሁሉ ወደ መጀመሪያው እርምጃ ተገፋ። አምስት ሰዎች በአንድ ቤት የሚጸልዩ ከሆነ አንዱ የሌላውን አካሄድ ያያል፤ ተነሥቶ መሄድ ቢፈልግም የሚሄድበት ሌላ ጉባኤ የለም፤ አስቀይሞ የሸሸ ሰው ለሁሉም አደጋ ሊሆን ይችላል። ሰውን በጥንቃቄ መናገር ግዴታ ነበር። እኔ ይህንን ዘመን አላምረውም፤ ፍርሃትም ሰዎችን ዝም አሰኝቷል፤ ጥርጣሬም ወንድምን ከወንድም ለይቷል። ነገር ግን ስለ የዋህ ተግሣጽ ከታሪካችን መማር የምንፈልግ ከሆነ ሰነድ የሌለው ይህ ዘመን ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረን ይመስለኛል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሮች ሲከፈቱ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ በስደቱ ጊዜ የደከሙት፣ ፈርተው የራቁት እንዴት ይመለሱ? ጥያቄው አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ250 በዴክዮስ ስደት ጊዜ ለጣዖት የሠዉ ክርስቲያኖች ወደ ካርታጎዋ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ ሲለምኑ ቆጵርያኖስ በሁለት ወገን መካከል ተያዘ፤ አንዱ ወገን ያለ ንስሐ በሩን ክፈት፣ ሌላው ለዘላለም ዝጋ ይል ነበር። በ251 የተሰበሰበው ጉባኤ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ መርምሮ ንስሐ የገባውን መቀበልን መረጠ። በግእዝ የሚገኘው ዲድስቅልያም ጳጳሱን ከፈራጅነቱ ይልቅ እንደ ሐኪም እንዲሆን ይመክረዋል፤ ከባቢሎን እስር ቤት ሆኖ የጸለየውን የምናሴን ጸሎት ያቆየልንም ይኸው መጽሐፍ ነው፤ እጅግ የከፋው ንጉሥ እንኳ እንደ ተመለሰ ለማሳየት። ወንጌላውያን ሆነን ይህን የአገራችንን ጥንታዊ ምክር ችላ ማለታችን ያስቆጨኛል።

በ2 ቆሮንቶስ 2፥5–11 ጳውሎስ በብዙዎች ስለ ተቀጣው ሰው ሲጽፍ የሚያስጨንቀው ቅጣቱ ማነሱ ሳይሆን ከልክ በላይ መርዘሙ ነው፤ ሰውየው በኀዘን እንዳይዋጥ። ከጌታ ራት የታገደ ሰው እገዳው በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ፣ ማን በየሳምንቱ እንደሚጠይቀው፣ ማን አብሮት እንደሚጸልይ ካልተነገረው እገዳው ማቅናት አይደለም፤ መርሳት ነው። በእንሰት መካከል በተሠራ ቤት የተረሳ ሰው ደግሞ ብቻውን አይረሳም፤ ልጆቹም አብረው ይረሳሉ።

ድንበር ተሻግሮ

ከዚህ ሁሉ የከበደው በ2010 ዓ.ም. መጣ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በሚያዝያና በሰኔ በተነሣው ግጭት ከ9 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በገደብና በሌሎች ከተሞች ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በተፈናቃይ ሞሉ። በሁለቱም ወገን አንዱን መዝሙር የሚዘምሩ፣ አንዱን ወንጌል የሚያነብቡ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሕዝቦች ደም የፈሰሰበትን ጠብ የሚዘጉበት ጎንዶሮ የሚባል የቆየ የእርቅ ሥርዓት አላቸው፤ ጎንዶሮ ከተፈጸመ በኋላ ጠቡን ማስነሣት እንደ ነውር ይቆጠራል። ሽማግሌዎች ለዚህ ሥርዓት ያላቸው ክብር ትክክል ነው።

ነገር ግን ጎንዶሮ ሕዝብን ከሕዝብ ያስታርቃል። አንድ የጌዴኦ አማኝ አብሮት ያመለከ የጉጂ ወንድም በክፉ ቀን ዝም ስላለበት ልቡ ቢቆስል፣ አንድ የጉጂ አማኝም እንዲሁ፣ ያ ቁስል በሕዝብ እርቅ ውስጥ ስም የለውም። የማቴዎስ 18 የመጀመሪያው እርምጃ ለዚህ የተሰጠ ይመስለኛል፤ ሄዶ መናገር። መንገዱ ግን የወረዳ ድንበር ይሻገራል፤ የሚሄደውም ሰው ከራሱ ወገን «ወደ እነርሱ ለምን ትሄዳለህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሄደ ካለ በየትኛውም ሪፖርት አይገኝም።

ስለዚህ እናንተ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ በተለይም በዲላ አካባቢ የምታገለግሉና የምርምር ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተጠመቁት አባቶችና እናቶች ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል። ወደ እነርሱ ስትሄዱ ማን ታገደ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ታገደ ብላችሁ አትጀምሩ፤ እርሱን ከመዝገቡ ታገኙታላችሁ። «አባባ፣ በወጣትነትዎ መንገድ ሲስቱ መጥቶ ብቻዎን ያናገረዎት ሰው ነበር? ምን አለዎት? በምን አንደበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን ለተመከረው እንጂ ለመካሪው አታቅርቡ። መካሪው ያንን ነገር ለሌላ ላለመናገር የያዘው ቃል ስላለ ሊነግራችሁ አይገባም፤ እናንተም እንዲነግራችሁ አትገፋፉት። የተመከረው ግን የራሱ ታሪክ ነው፤ ፈቅዶ ከነገራችሁ የመካሪውን ስም ትታችሁ ጻፉት።